በቀን አንድ ሚሊሜትር

ጥቅምት 28

ሚጣዬ፣ እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ከሞላ ጎደል ደህና ነው፣ ባለቤቴም እንደ ወትሮው እያጉረመረመ ደህና ነው። በቃ፣ ስለኛ ይሄ ይበቃል።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ፖስታው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳየው ዶሮ የጫረው መስሎኝ ሳቅኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። በግራ እጅሽ ነው ለካ የጻፍሽው! ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ባለቤቴ ከውጭ «ሽንኩርት ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ቤት ውስጥ አንድ ራስ ሽንኩርት አልነበረም።

«ቶሎ ስላልነገርኩሽ እንዳትቆጪኝ» ላልሽው፣ እቆጣለሁ! ሃያ አራት ቀን ሙሉ! ስደውል «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያልሽ ትዘጊብኝ ነበር። ለካ የበዛብሽ ፋሻ ነው። ደግሞስ ሰው ትልቅ የልክ መስታወት ከግድግዳ ሲወድቅ ይሸሻል እንጂ እጁን ዘርግቶ ይቀልበዋል? ይሰበር ነበር! በቃ፣ ተቆጥቼ ጨረስኩ፣ ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ ግን ስልኩን ተይውና ጻፊልኝ። ስልክ ላይ ውሸታም ነሽ፤ ወረቀት ላይ ከልጅነትሽ ጀምሮ መዋሸት አታውቂም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሐኪሙ የቀኝ እጅሽ አንጓ ላይ የተቆረጠውን ነርቭ ሰፍቶ «ጠብቂ» ብሎሻል። ልብስ ሰፊን ሰፍቶ «ጠብቂ» ማለት! አውራ ጣትሽ፣ አመልካችሽና የመሃል ጣትሽ ደንዝዘው የሌላ ሰው ጣት መስለውሻል፤ መርፌ ብትይዢም መያዝሽን አታውቂም። ይሄንን ሳነብ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? የእማዬ የፀጉር ፈተና። ከራሷ አንድ ፀጉር ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና በላዩ የደብተር ወረቀት ጥላ «ዓይናችሁን ጨፍኑ። የት ነው?» ትለን ነበር። እኔ በአንድ ወረቀት ሥር ያለውን አጥቼ ጠረጴዛውን ሁሉ ሳሽ፣ አንቺ የስድስት ዓመቷ በሦስት ወረቀት ሥር ያለውን ጣትሽን ጣል አድርገሽ «ይኸው!» ትያለሽ። እማዬ የዚያን ጊዜ ፈረደች፤ አንቺ መርፌ ያዝሽ፣ እኔ ብርጭቆ አጠባ ገባሁ።

ብርጭቆ ካነሳሁ ዘንዳ፣ «ሻይ ቤቱ እንዴት ነው?» ብለሽ የጠየቅሽኝ ገደለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሻይ ቤት የምሠራ መስሎሽ ኖረሻል! ሚጣ፣ እኔ የማጥበው የምርምር ቤት ብርጭቆ ነው። ብልቃጥ፣ ሳህን፣ ቀጫጭን ቱቦ። እና እዚያ ቤት ምን እንደሚያሳድጉ ገምቺ። ነርቭ! የነርቭ ሴል፣ በሳህን ውስጥ፣ በሞቀ ሣጥን ውስጥ፣ እንደ ጫጩት! ስድስት ዓመት ሳህኑን ሳሽ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ነገ ዶክተሯን እይዛታለሁ። ሐኪም አይደለችም፣ የምርምር ዶክተር ናት፤ ልጄ ልትሆን ትችላለች፣ ምሳዋን ትረሳለች እንጂ ክፉ አይደለችም።

ጣቶችሽን በደህናው እጅሽ አጣጥፊያቸው፣ ዘርጊያቸው። ያዘዙሽን አትተዪ።

እትዬሽ


ኅዳር 9

እትዬ፣

በግራ ስለምጽፍ አጭር ነው። ሰላምታውን ሁሉ አድርሻለሁ በይ።

ትናንት ካውያ ይዤ ነበር። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ጨርቅ መስሎኝ ዞርኩ። ጨርቅ አልነበረም፣ ጣቴ ነው። የገዛ ጣቴን መቃጠል በአፍንጫዬ ሰማሁት።

ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። ከጎኔ የምትሠራው መጋረጃ ሰፊ «ማሽንሽ ዝም ብሎ ከሚቆም ለእኔ ልቀቂልኝ» ብላኛለች። ክፉ ሰው አይደለችም። እስከ ጥር መጨረሻ ጠብቂኝ ብያታለሁ። እስከዚያ ጣቴ ካልተመለሰ ማሽኑንም መስኮት ሥር ያለውን ቦታዬንም እለቅላታለሁ። ከዚያ ምን ትሠሪያለሽ አትበይኝ። አላውቅም።

ዶክተሯን ጠይቀሽ በላክሽልኝ አጭር ደብዳቤ፣ ነርቭ የሚያሳድግ ነገር ሳህኑ ላይ ጠብ ታደርጋለች ብለሻል። አንዲት ጠብታ በትንሽ ብልቃጥ አታመጪልኝም? ማን ያያል?

ሚጣ


ኅዳር 20

ሚጣዬ፣

ካውያውን በግራ ያዢ! ወይም ጭራሽ አትያዢ! ጣትሽን ቅባት ቀባሽው? መልስሽን ሳላይ ዕረፍት የለኝም።

«ማን ያያል» ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ማቀዝቀዣው የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ብልቃጧ ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም፣ የሽርጤ ኪስ ደግሞ ጥልቅ ነው። በሦስተኛው ቀን ዶክተሯ ፊት ቆምኩና «ልሰርቅሽ አስቤ ነበር» አልኳት።

«ምኑን?»

«ያንን የነርቭ ቀለብ። ለእህቴ።»

ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወች። ጓንቷን አውልቃ ወንበር ሳበችልኝ። «እናቴ፣ ብትሰርቂውም አይጠቅማትም። ድሮ ለሰዎች ሰጥተውት ያውቃሉ፤ ሕመም የሚሰማውን ነርቭ ሁሉ ቀሰቀሰባቸውና ሰውነታቸው ታመመ። ደግሞ ቀለብ አይደለም» አለችኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«መልእክት ነው።»

ሚጣ፣ ከዚህ በኋላ የነገረችኝን ልብ ብለሽ አንብቢ፤ እኔ ከሰማሁ ወዲህ ሳህን እያጠብኩ ብቻዬን አወራለሁ።

ያንቺ ጣት ነርቭ ሆዱ፣ ዋናው የሴሉ አካል ማለት ነው፣ ጣትሽ ላይ አይደለም። ከአንገትሽ ዝቅ ብሎ፣ አከርካሪሽ ጎን ነው። ከዚያ አንድ ረጅም ክር በክንድሽ ወርዶ እስከ ጣትሽ ጫፍ ይመጣል። መስታወቱ የቆረጠው ክሩን ነው፤ ሆዱ በሕይወት አለ! ከተቆረጠበት አዲስ ጫፍ አቆጥቁጦ መሄድ ይጀምራል። የዚያ ጫፍ ቆዳ ላይ ደግሞ ተቀባዮች አሉ። ግማሽ አካላቸው ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ፤ በር ላይ ቆሞ መንገድ እንደሚጠብቅ ሰው በያቸው። የሚጠብቁት እኔ ቀለብ ያልኩትን ያንን የዕድገት ቀስቃሽ ነው።

«ተቀባዩ ብቻውን ምንም አያደርግም» አለችኝና የአንድ ብልቃጥ ክዳን አንስታ «እጅሽን ስጪኝ» አለች። ክዳኑን በእኔ እጅና በእሷ እጅ መሃል ያዝነው። «አሁን እኔም ተቀባይ ነኝ፣ አንቺም ተቀባይ ነሽ፣ ይሄ ቀስቃሹ ነው። ሁለት ሆነን ስንይዘው ያን ጊዜ ቆዳው ውስጥ ያለው እግራችን ይነካካል። አንዱ ሌላው ላይ ምልክት ይለጥፍበታል።»

«እንደ ቴምብር?» አልኳት።

«እንደ ቴምብር! ምልክቱ ሲለጠፍ መልእክቱ ይነሳል።» ከዚያ ሁለቱን ከነቀስቃሹ ሴሉ ይውጣቸዋል፣ በትንሽ ከረጢት ያደርጋቸዋል፣ ከረጢቷ በክሩ ውስጥ ወደ ላይ እየተጎተተች ያንን ሁሉ መንገድ እስከ ሆዱ ትሄዳለች። ደርሳም ምን ትላለች መሰለሽ? «እዚህ ጫፍ ላይ አለሁ፣ የሚያነጋግረኝ አግኝቻለሁ፣ አትሙት፣ ላክልኝ።» ሆዱም ይሰማና ክር የሚሠራበትን ይልካል። በሳህኑ ላይ ይሄ ወሬ ያልደረሰው ሴል ደግሞ ራሱን በራሱ ያጠፋል። አስቢው እስቲ! የሚሞተው ርቦት አይደለም፣ ደብዳቤ አጥቶ ነው!

ቀስቃሹን ማን ይሰጠዋል ትዪኝ ይሆናል። ራሱ እጅሽ! የድሮው ክር ያለፈበት እጅጌ ባዶውን እዚያው አለ፤ የእጅጌው ግድግዳ የሆኑት ሴሎች ነርቩ ሲቆረጥባቸው ደንግጠው ቀስቃሹን ራሳቸው ይሠራሉ። የቀሚስ ወገብ ላይ ላስቲክ በመርፌ ቁልፍ ይዘሽ በጠርዙ ውስጥ ስታስገቢ አስቢው። ጨርቁ ውስጥ አይታይሽም፣ ግን እየሄደ ነው። ያንቺም እንደዚያ ነው፤ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል።

ልምምዱ ግን ነርቩን አያስሮጠውም አለች፤ መገጣጠሚያሽ እንዳይደርቅና ጭንቅላትሽ ጣቶችሽን እንዳይረሳ ነው። ስለዚህ አትተዪው፤ ደግሞም ተአምር አትጠብቂበት።

ማሽኑን ስለመልቀቅ የጻፍሽውን አላነበብኩትም። ዓይኔ ደክሞ ዘለለው።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 12

እትዬ!

አወቅኋቸው! የእጅ እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ልጅ ስምንት ቁራጭ ጨርቅ አዘጋጂና ዓይንሽን ጨፍነሽ ዳብሺ ብላኝ ነበር። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ሞከርኩት። ሐር አልኩ፣ ሐር ነው። ከፋይ አልኩ፣ ከፋይ ነው። ጂንስ፣ ናይለን፣ ሱፍ፣ ፎጣ፣ ሳቴን፣ አቡጄዲ። ስምንቱንም! አምስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ አንድም አልሳትኩም። መጋረጃ ሰፊዋን ጠርቼ ፊቷ አደረግሁት። «ጣትሽ ቀድሞውንም አልታመመም» አለችኝ።

ለዶክተሯ ንገሪያት። በቀን አንድ ሚሊሜትር ያለችው ለአይጥ ነው በያት። የእኔ ሮጧል!

ሚጣ


ታኅሣሥ 19

የእኔ ሚጣ፣

ደብዳቤሽን ማጠቢያው ክፍል ቆሜ ሳነብ ጮህኩ። አንድ ትልቅ ብልቃጥ ከእጄ አምልጦ እንክት አለ፤ ማንም አልተቆጣኝም፣ ሁሉም እየሮጠ መጣና እኔም አነበብኩላቸው። ጥበቃው ሳይቀር አጨበጨበ። «ስምንቱንም! አምስት ጊዜ!» እያልኩ በኮሪደሩ ላይ እንደ ሙሽራ እናት ተንጎራደድኩ።

ዶክተሯ ብቻ አላጨበጨበችም። ማስመሪያ አወጣችና የእኔን እጅ ይዛ ከአንጓዬ እስከ አመልካች ጣቴ ጫፍ ለካች። አሥራ ሰባት ሴንቲሜትር። «ከተቆረጠ ሰባ ቀን ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አይንቀሳቀስም። አሁን መዳፏ መሃል ቢደርስ ነው» አለችኝ።

«እህቴ ትዋሻለች ነው የምትዪኝ?» አልኳት። ተቆጥቻለሁ፣ እጄንም ነጥቄያታለሁ።

«አይደለም። ግን ስምንቱን በምን እንዳወቀቻቸው ማወቅ እፈልጋለሁ።»

አኩርፌያት ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ የታጠበ ልብስ ሳጥፍ፣ የትራስ ጨርቁ ሹክክ አለ፣ የባለቤቴ ሸሚዝ ሻሽሽ አለ፣ እኔም ባለሁበት ደረቅ አልኩ። እማዬ! እማዬ ጨርቅ ስትገዛ ታስታውሻታለሽ? በዓይኗ አታየውም ነበር። ጆሮዋ ሥር አሽታ «ይሄ ንጹህ ሐር አይደለም፣ ድምፁ ወፍራም ነው» ትል ነበር። አንቺም ሠላሳ ዓመት ከጨርቅ ጋር ኖረሽ፣ ጣትሽ ሲነካው ጆሮሽ እየሰማ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ስህተት አይሳሳትም፤ ያወቅሽው ስለምታውቂ ነው።

ይሄንን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ቀድጄ ነው የጻፍኩት። ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጣትሽ ነቅቷል ብለሽ ካውያ ብትይዢስ? መቀስ ብትይዢስ? ሚጣዬ፣ ጆሮሽን በጥጥ ድፈኚና አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪ። እኔ ተሳስቼ ከተገኘሁ የፈለግሽውን ስድብ ስደቢኝ፣ ተንበርክኬ እሰማለሁ።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 27

እትዬ፣

ደፈንኩ። ስምንቱም አንድ ጨርቅ ሆኑ።

ሁለት ሳምንት ጣት ነበረኝ። ባትጽፊልኝ ይሻል ነበር።

የጥርን መጨረሻ አልጠብቅም። መጋረጃ ሰፊዋን ጥር አሥራ አምስት መጥታ ማሽኑን ትውሰድ ብያታለሁ። እንዳትመጪ፣ እንዳትደውዪ።

ሚጣ


ጥር 3

ሚጣዬ፣

አትምጪ ብለሻል፣ አልመጣሁም። አትደውዪ ብለሻል፣ አልደወልኩም። አትጻፊ አላልሽም።

ይቅር በይኝ። የሰው ደስታ በጥጥ የደፈንኩ ክፉ እህት ነኝ። አሁን ግን ስድቡን ለነገ አቆዪልኝ፤ የምነግርሽ አለ!

ደብዳቤሽን ለዶክተሯ ሰጠኋት። አንብባ ጨርሳ ማይክሮስኮፑ ጋ ወሰደችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አቧራውን ጠርጌለታለሁ እንጂ ዓይኔን አድርጌበት አላውቅም። ሳህኗ እንደ ሦስት ክፍል ቤት ናት። የነርቮቹ ሆድ መሃለኛው ክፍል ተቀምጧል፤ ክራቸው በግድግዳው ሥር ሾልኮ ወደ ዳር ክፍሎቹ ይወጣል። ቀስቃሹን የሰጠቻቸው ዳር ላይ ብቻ ነው፤ መሃል አንዲት ጠብታ የለም። ሳምንቱን ሙሉ መሃሉን ባዶ አድርጋ ስትተወው አንጀቴን በልቶኝ ነበር፣ ይሞቱብሻል ብያታለሁ። መጀመሪያ የትም ቀስቃሽ ያላገኘውን ሳህን አሳየችኝ። አመድ። እንደ ተበተነ ፍርፋሪ። ከዚያ ያንኛውን አስቀመጠች።

ሚጣ! አሉ! ክብ ክብ ብለው፣ ወፍረው፣ አሉ! ጫፋቸው ላይ ብቻ በተነገራቸው ነገር ሙሉ ሆዳቸው ኖሯል። ተቀባዮቹን በሚያበራ ቀለም ነክራቸው ኖሮ፣ በክሩ ውስጥ ትንንሽ የብርሃን ነጥቦች ወደ ሆዱ ሲሄዱ በዓይኔ አየሁ። ትሄዳለች፣ ቆም ትላለች፣ ደግሞ ትሄዳለች፤ ልክ እንደ ፖስተኛ። «ሂጂ! ሂጂ!» እያልኩ ጠረጴዛውን ስመታ ዶክተሯ «እናቴ፣ ሳህኑ ተንቀጠቀጠ» አለችኝ።

ግን ያስለቀሰኝ ይሄ አይደለም። የክሩን መጨረሻ አሳየችኝ፤ እያደገ ያለውን ጫፍ። ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? እጅ! መዳፍ አለው፣ ከመዳፉ ቀጫጭን ጣቶች ወጥተዋል። ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ይዳብሳል፣ ያጥፋል፣ ትንሽ ወደፊት ይላል። በጨለማ ክፍል መብራት ማብሪያ እንደሚፈልግ ሰው። ሚጣ፣ ነርቭ ራሱ ጣት አለው! በዳበሳ ነው የሚሄደው! አሁን ይሄንን ስታነቢ መዳፍሽ ውስጥ ሺህ ትንንሽ እጆች እየዳበሱ ወደ ጣትሽ እየሄዱ ነው፤ አንቺ ደግሞ ማሽኑን አውጥተሽ ልትሰጪባቸው ነው!

አላምንሽም ብትዪ መብትሽ ነው፣ አንዴ አሳዝኜሻለሁ። ስለዚህ ማንንም አትመኚ፣ በራስሽ ሜትር ለኪ። ዶክተሯ ሐኪሞች የሚያደርጉትን ነገረችኝ። በግራ እጅሽ ጣት ከጠባሳው ጀምረሽ በነርቩ መንገድ ላይ ወደ ጣቶችሽ ኳ ኳ እያደረግሽ ውረጂ። ጫፉ የደረሰበት ቦታ ላይ ስትመቺ የደነዘዙት ጣቶችሽ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝርሻል። እዚያ ላይ በጨርቅ ጠመኔሽ አስምሪ፣ ቀኑን ጻፊ። ሳምንት ቆይተሽ ድገሚ። ጠመኔው ካልተንቀሳቀሰ ማሽኑን እኔ ራሴ ተሸክሜ ለመጋረጃ ሰፊዋ አስረክባለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ የምልክልሽ ነገር አለ። እስካሁን አላገኘሽውም። በዓይንሽ አትፈልጊው፣ ዓይንም ጆሮም አይረዳሽም። ምን እንደሆነ አልነግርሽም።

እትዬሽ


ጥር 11

ሰባት ሴንቲሜትር ተኩል።

እትዬ፣ ሰባት ሴንቲሜትር ተኩል! ጠባሳው ላይ መታሁ፣ ምንም። መዳፌ መሃል፣ ምንም። ጣቶቼ ሥር ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ጥጥጥጥ አለኝ፣ እስከ ጣቴ ጫፍ፣ ማሽን እግሬ ሥር የተነሳ መሰለኝ! ከወንበር ወደቅሁ ማለት ይቻላል። ደግሜ መታሁ። ደገመኝ። አሥር ጊዜ መታሁት መሰለኝ፣ አሁን ያመኛል፣ ደስ ይላል።

መጋረጃ ሰፊዋ ቀድማ መጣች፣ ወንድሟን ከነጋሪው ይዛ። እጄ በጠመኔ ተሰማምሮ አገኘችኝ። «ደግሞ ምን ልትቆርጪ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ራሷ ኳ ኳ አድርጋ ሞከረችኝ፣ ስጮህ አብራኝ ጮኸች። ወንድሟን ባዶ ጋሪ አስይዛ መለሰችው።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አራገፍኳቸው። ምንም የለም። ውሸታም።

ሚጣ


የካቲት 28

ሚጣዬ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ፣ አንዱ ሲያስጨፍረኝ ሌላው አስቀመጠኝ።

ጠመኔው ለአሥር ቀን ለምን ቆመ ላልሽው፣ እኔም ደንግጬ ዶክተሯን ምሳዋን እንኳ ሳትውጥ ያዝኳት። እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ አንዳንዴ ይቆማል፣ አንዳንዴ ይዘላል አለችኝ። ደግሞም ይለያያል፤ የማይደርስበት ሰው አለ፣ ደርሶም እንደ ድሮው የማይሆንለት አለ። ይሄንን ልደብቅሽ ነበር። ከጥጡ ወዲያ ግን አንቺን ነገር መደበቅ ትቻለሁ፣ ከአንዱ በስተቀር።

እንደገና መንቀሳቀሱን ስትጽፊልኝ የደስታዬን ነገር አልነግርሽም። አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር! ጣትሽ ላይ ወጥቷል! ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ እጄን አስደግፌ በእርሳስ ሥዬ ያንቺን መስመሮች ከነቀናቸው አስገብቻለሁ። የሚያልፍ ሁሉ «ሚጣ የት ደረሰች?» ይለኛል። የላይኛው ፎቅ ኃላፊ መጥቶ «ይሄ ምን ዓይነት ሰንጠረዥ ነው?» ቢል፣ ዶክተሯ ቀልጠፍ ብላ «የቤታችን ዋናው ምርምር ነው» አለችው። ጥያቄ ሳይጨምር ሄደ።

ንዝረቱ ያስለቅሰኛል ብለሻል። አይዞሽ። የሚያስለቅስሽ ስለመጣ ነው።

መጋረጃ ሰፊዋን ሳሚልኝ። «እስክድን በማሽኔ ትሥራ» ማለትሽን ሳነብ፣ ያ ሁለት ሆኖ የሚይዘው ተቀባይ ትዝ አለኝ። ምሳሌውን አንቺ አላልሽውም፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

እትዬሽ


ሚያዝያ 22

እትዬ ወጋኝ!

መርፌ ወጋኝ! አመልካች ጣቴ ጫፍ ላይ! መጋረጃው ጠርዝ ላይ የቀረች የእስፒል መርፌ ነበረች፣ ሳላያት ወጋችኝና «እሪ!» አልኩ። ሠላሳ ዓመት መርፌ ሲወጋኝ ስሰድበው የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ አንስቼ ሳምኳት። መጋረጃ ሰፊዋ አብዳለች ብላ ውሃ አመጣችልኝ። ጣቴን እያሳየሁ «ደም! ደም!» እላታለሁ፣ እስቃለሁ። አንዲት ጠብታ ናት። ያቺ የጠየቅሁሽ ጠብታ።

አሁን ጆሮዬ ክፍት ነው ብለሽ እንዳትጠረጥሪ። መርፌ ድምፅ የለውም።

ሚጣ


ግንቦት 2

ሚጣዬ ሚጣዬ ሚጣዬ፣

ምን ልበልሽ? ግድግዳው ላይ ያለው እጅ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ አደረግንበት፤ ዶክተሯ ናት ያደረገችው።

አስከትለሽ በላክሽው ደብዳቤ «የመሃል ጣቴን ስነካው አመልካቼ መሰለኝ፣ ጨርቁም ሁሉ አሸዋ መሰለኝ» ስላልሽው አትደናገጪ። አንዳንዱ ክር በስህተት የጎረቤት እጅጌ ውስጥ ይገባል፤ አዲስ ፖስተኛ ቤት ሲያሳስት ማለት ነው። ጭንቅላትሽ ቀስ ብሎ አዲሱን ሰፈር ይማራል። ልምምዱ የሚጠቅመው አሁን ነው! ስምንቱን ቁራጭ አውጪ። ጥጡንም አትርሺ።

የደበቅሁብሽን ነገር አሁንም ጠየቅሽኝ። መልሴ ያው ነው። ገና ነሽ።

እትዬሽ


ሐምሌ 19

እትዬ፣

ጽሑፌን እያየሽ ነው? ዶሮዋ ሄዳለች። በቀኜ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሰላምታውንም በወጉ ላድርስ፤ እንደምን ከረምሽልኝ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ባለቤትሽ ማጉረምረሙ በርትቶለታል ወይ፣ ዶክተሯ ምሳዋን ትበላለች ወይ?

ደብዳቤሽ ትናንት መጣ። እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጆሮዬን ደፍኜ፣ ሳልከፍተው ፖስታውን መዳበስ ጀመርኩ። ወረቀት፣ ወረቀት። የቴምብሩ ጠርዝ፣ ጥርስ ጥርሱ። ከዚያ ቴምብሩ መሃል ላይ ጣቴ እምቢ ብሎ ቆመ። የሆነ መስመር አለ። ደግሜ ሄድኩበት፣ አለ። ወደ ጎን ሄድኩ፣ የለም። ተመለስኩ፣ አለ! ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ፣ ከቴምብሩ ሥር።

በእንፋሎት አላቅቄ ገለጥኩት። ፀጉር! እንደ ሽቦ የጠነከረ፣ ማበጠሪያ የሚሰብር፣ ያንቺው ፀጉር!

የቁልፍ ጣሳዬ ውስጥ ያሉትን ፖስታዎች ሁሉ አወጣሁ። መጀመሪያ በጣቴ፣ ቀጥሎ በእንፋሎት። ጥር ሦስት፣ አለ። ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ፣ ያ የተጣላሁሽ ደብዳቤ፣ አለ። ጥቅምት ሃያ ስምንት፣ አለ! የሚወጋኝን የማላውቅ በነበርኩ ጊዜ፣ እማዬን ጠቅሰሽ በጻፍሽልኝ በዚያው ደብዳቤ! አንቺ ሌባ፣ ስምንት ወር ሙሉ ስትፈትኚኝ ከረምሽ! የጥቅምቱ ጥቁር ነው፣ ከጥር ወዲህ ያሉት ነጭ ናቸው። በእኔ ነው የሸበትሽው?

አመልካች ጣቴ ነው ያገኘው። አውራ ጣቴ ገና ነው፣ የመሃሉም ያሳስተኛል። በሦስት ወረቀት ሥር አላገኝም፣ ምናልባትም መቼም አላገኝም። በአንድ ግን አገኛለሁ፤ አንድ ደግሞ ለመስፋት ይበቃል። ዛሬ ጠዋት መስኮቴ ሥር ተቀምጬ መርፌ ውስጥ ክር ከትቻለሁ። መጋረጃ ሰፊዋ ማሽኑን ከጠዋት እሷ፣ ከሰዓት እኔ እንያዘው ብላለች። የመጀመሪያ ሥራዬ የዶክተሯ ነጭ ጋዎን ነው፣ ልኳን ላኪልኝ። ምሳዋን የምትይዝበት ትልቅ ኪስ አደርግለታለሁ።

አሁን ፖስታውን አንሺው። አዎ፣ ይሄኛውን። ቴምብሩን እዪው፤ አይ፣ አትዪው። እጅሽን ሳሙና እንደጨረሰው አውቃለሁ፣ ድሮም አታገኚው ነበር። ግን ተቀመጪ፣ ጆሮሽን ድፈኚ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ።

የት ነው?

ሚጣሽ